ከኪሎ በላይ፦ በጅማና በአካባቢዋ የሚገኙ አሮጌ የቡና ማሽኖች የሰብሳቢ ዋጋ እንዴት ይገመታል?

(በፋኩልቲያችን ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ገለጻዎች በአንዱ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ገለጻ መነሻ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የጊንጆ ነዋሪ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለና፣ «ዶክተር፣ ቁራሌው ደጃችን ላይ ቆሟል። የአባታችንን የቡና ማሽን በኪሎ መዝኖ ሊወስድ ነው። ልስጠው ወይስ ይቆይ?» ሲል ጠየቀኝ። አባቱ እስኪያርፉ ድረስ በሠፈሩ ለረጅም ዘመን ሻይ ቤት ያስተዳደሩ ሐጂ ነበሩ። ሻይ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አራቱ ልጆች ውርሱን ሊካፈሉ ሲነሡ ማሽኑ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋር ተደርድሮ ተገኘ። «ይቆይ» አልኩት። ለምን እንዲቆይ እንዳልኩ በዚያች ደቂቃ ቢጠይቀኝ ኖሮ ግን በቅጡ የተደራጀ መልስ አልነበረኝም። ይህ ንግግር ያንን መልስ ለማደራጀት ያደረግሁት ጥረት ውጤት ነው።

ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምንኖረው በቡና አገር ነው። ስለ ቡና ቅርስ ሲነሣ ወደ አእምሯችን የሚመጡት የጎማና የሊሙ የቡና ዛፎች፣ ጀበናው፣ ረከቦቱና ሙቀጫው ናቸው። ከሚላኖ በመርከብ ተጭኖ የመጣ የመዳብና የነሐስ ዕቃ የማን ቅርስ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሆኖም በከተማችንም ሆነ በአጋሮ «የማሽን ቡና» ከ«ጀበና ቡና» ጎን ለጎን መጠራት ከጀመረ ብዙ ዘመን አልፏል። ማኪያቶ የሚለውን ቃል ዛሬ ማንም እንደ ባዕድ ቃል አይሰማውም። ቃሉን የራሳችን ካደረግን፣ ቃሉን ይዞ የመጣውን ዕቃ በምን ዓይን እንደምናየው ማሰብ ተገቢ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ከሌላ አገር ልምድ ልነሣ። የአሮጌ ማሽን ዋጋ አገማመት በሚገባ ከዳበረባቸው መስኮች አንዱ የአሜሪካ የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ማሽን ነው። ሳንቲም ሲጎርስ ቀዝቃዛ ጠርሙስ የሚሰጠው፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠራው ዓይነት፣ ዛሬ የብዙ ሰብሳቢዎች ምኞት ነው። ቬንዶ የተባለው አምራች ማሽኖቹን ቬንዶ 39፣ ቬንዶ 44፣ ቬንዶ 81 እያለ ሲሰይም ቁጥሩ የሚይዙትን የጠርሙስ ብዛት ያመለክት ነበር። ከእነዚህ መካከል ጠባቡና ቁመተ ሸንቃጣው ቬንዶ 44 በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው። ያረጀ ሁሉ ውድ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ ቅርጹ ያላማረ ወይም በብዛት የተሠራ ማሽን በዕድሜ ቢበልጥም በዋጋ ሊያንስ ይችላል። ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ ይጠቅመናል። የተለመደ ዓይነት የሆነን ማሽን አፍርሶ፣ ቀለም ቀብቶና አዳዲስ ክፍል አስገብቶ ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። በአንጻሩ የፋብሪካ ቀለሙ ሳይነካ በደኅና የቆየ ማሽን ጭረት ቢኖርበትም ሰብሳቢው በጥንቃቄ ይይዘዋል፤ የፋብሪካ ቀለም አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስምና።

በእኛ አገር ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ በጠርሙስ መሞላት ቢጀምርም፣ ለስላሳ የተለመደው በሳጥን ተጭኖ፣ ከባለ ሱቁ እጅ ተቀብለው ጠጥተው ጠርሙሱን የሚመልሱበት አሠራር ነው። ሳንቲም የሚጎርሰው ማሽን ልማድ አልሆነልንም። በባንኮኒያችን ላይ ተቀምጦ የሠፈር ሰው እየተሰበሰበ ሲያየው የኖረው የቡና ማሽኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እርሱ እናዙር።

አንድን የቡና ማሽን ለመገመት የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ትውልድ እንደሆነ መለየት ነው። አንጄሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቱሪን ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ ማሽን አስመዘገበ። ሉዊጂ ቤዜራ ደግሞ በ1901 ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየሲኒው የሚቀዳበትን ዘዴ በሚላኖ አስመዘገበ፤ ዴሲዴሪዮ ፓቮኒም ያንን መብት ገዝቶ ማሽኑን ለገበያ አበቃው። የዚህ ትውልድ ማሽኖች እንደ ሳሞቫር ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ውኃውን በቡናው ውስጥ የሚገፋው ራሱ እንፋሎቱ ነበርና ግፊቱ ከ1.5 ባር ብዙ አይበልጥም፤ ቡናውም የተቃጠለ ጣዕም ይይዝ ነበር።

ሁለተኛውን ትውልድ ያመጣው አኪሌ ጋጂያ ነው። በእርሱ ማሽን ላይ ረጅም ዘንግ አለ። ሠራተኛው ዘንጉን ወደ ታች ሲጎትት ብርቱ ሞላ ይጨመቃል፤ ሙቅ ውኃም ወደ ቡናው ይገባል። ዘንጉ ሲለቀቅ ሞላው እየተዘረጋ ፒስተኑን ይገፋና ውኃውን ከ8 እስከ 9 ባር በሚደርስ ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ዛሬ የማሽን ቡና መለያ የሆነው ወርቃማ አረፋ የተገኘው ከዚህ ግፊት ነው። ይህ ማሽን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሦስተኛው ትውልድ በ1961 የወጣው ፋኤማ ኢ61 ነው። ሞላውን ትቶ ግፊቱን ለኤሌክትሪክ ፓምፕ የሰጠው ይህ ማሽን ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር አውሮፓ ላይ ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው።

ይህን ታሪክ የዘረዘርኩት ለጌጥ አይደለም። ወደ ጊንጆው ቤት ስሄድ ቤተሰቡ በኩራት የነገረኝ፣ ማሽኑ «በወረራው ዘመን ጣልያን ያመጣው» መሆኑን ነበር። በከተማችን እንዲህ ያለ ታሪክ የሚነገርላቸው ማሽኖች ጥቂት አይደሉም። ጣልያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ማዕከል አድርጓት ስለ ነበር ታሪኩ በቀላሉ ይታመናል። ነገር ግን የቆምኩት ሁለት ዘንግ ባለው ማሽን ፊት ነበር። ጣልያን ከጅማ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ባለ ሞላው ዘንግ ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1940 እና በ1941 ዓ.ም. መካከል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ የተነገረለትን ታሪክ ይክዳል።

ይህን ስነግራቸው የወንዶቹ ፊት ጠቆረ፤ ዋጋውን ያሳነስኩባቸው መሰላቸው። እኅታቸው ግን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና የአባታቸውን ወረቀቶች የያዘ የብስኩት ጣሳ ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ የንግድ ፈቃድ፣ ከማሽኑ ፊት ቆመው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍና የማሽኑ የግዥ ደረሰኝ ወጣ። በደረሰኙ ላይ የሚነበበው ዓመት ከወረራው ፍጻሜ ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየ ነው፤ የገዢው ስም የሐጂ ስም ነው። እንግዲህ ይህ ዕቃ ወራሪ ጥሎት የሄደ አልነበረም። አንድ የጅማ ነጋዴ በራሱ ገንዘብ መርጦ የገዛው ነው። በ1945 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በብራዚል የወረደው ውርጭ በቀጣዩ ዓመት የዓለምን የቡና ዋጋ ወደ ላይ እንደ ሰቀለው ይታወቃል። በእነዚያ ዓመታት የቡና አገር ነጋዴ ከአውሮፓ የመጣ ውድ ማሽን ባንኮኒው ላይ ማስቀመጡ ለኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው፤ ደረሰኙ ብቻውን መልስ ባይሆንም መነሻ ይሆናል። የሐሰቱ ታሪክ ማሽኑን ከብዙዎች አንዱ ያደርገው ነበር፤ እውነተኛው ግን የአንድ ሰው፣ የአንድ ሠፈርና የአንድ ዘመን ምስክር አደረገው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዝርዝር መመዘኛዎቹ መሄድ እንችላለን።

አንደኛው መመዘኛ ማንነት ነው። በብዙዎቹ የጣልያን ማሽኖች ቦይለር ወይም አካል ላይ የአምራቹ ስምና ተራ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይገኛል። ገማች በመጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ነው። ሰሌዳው የሌለው ማሽን ምንም ቢያብለጨልጭ መታወቂያ እንደሌለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሉእነት ነው። ቡናው የሚሞላባቸው ባለ እጀታ ማጣሪያዎች፣ የግፊት መለኪያው ከነመስታወቱ፣ ከሲኒው በታች ያለው የፍሳሽ መቀበያ፣ የፊት መስታወቱ ወይም ፕላስቲኩ፣ በፊደል የተሠራው የአምራቹ ስም ሁሉም መቆጠር አለባቸው። የውስጥ ክፍሎችን በቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ የተሰበረ የፊት መስታወት ወይም የጠፋ የስም ፊደል ግን ምትክ ለማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ስለሆነም በዋጋ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹና ተሰባሪው ክፍል ነው።

ሦስተኛው የአካሉ ሁኔታ ነው። የመዳቡ ቦይለር ተሰንጥቋል ወይ? በብየዳ ተጠግኗል ወይ? በውስጡ የተጋገረው የውኃ ድንጋይ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ለወጣቶች ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። «ይሠራ እንደሆነ እንሞክረው» ተብሎ ለዓመታት የቆመ ቦይለር እሳት ላይ አይጣድም። ደኅንነት መጠበቂያው ቫልቭ ደርቆ ከተዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ቦይለሩ የተሸፈነበት ነጭ ጨርቅ መሰል ነገርም ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በእጅ አይፈተፈትም።

አራተኛው ብርቅነትና ተፈላጊነት ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፋኤማ ኢ61 ዝነኛ ነው፤ ሆኖም በብዛት የተሠራ ከመሆኑም በላይ ውኃ የሚወጣበት የነሐስ ራሱ በተለያዩ አምራቾች እስከ ዛሬ ይሠራል። ጂዮ ፖንቲ ለላ ፓቮኒ የነደፈው «ላ ኮርኑታ» ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከብርቅዬዎቹ ብርቅዬ ነው። የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች ለላ ቺምባሊ የነደፉት «ፒታጎራ» እ.ኤ.አ. በ1962 ኮምፓሶ ዶሮ የተባለውን የጣልያን የንድፍ ሽልማት ማግኘቱ ተፈላጊነቱን ጨምሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሚላኖ አቅራቢያ ለቡና ማሽኖች ብቻ የተሠራ ሙዚየም መከፈቱም ገበያው ምን ያህል እንደበሰለ ያሳያል።

አምስተኛው የባለቤትነት ታሪክ ነው። ማን ገዛው? ከማን? የት ቆሞ ሠራ? ይህን በወረቀት፣ በፎቶግራፍና በምስክር ቃል ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? የሐጂን የብስኩት ጣሳ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ቁራሌው ማሽኑን ሲወስድ ወረቀቶቹ እሳት ማቀጣጠያ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ከዋጋው ትልቁ ክፍል አብሮ ይቃጠል ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት መናገር ይኖርብኛል። ከዓመታት በፊት በአጋሮ አንድ የካፌ ባለቤት ተመሳሳይ ማሽን አሳይተውኝ ምክር ጠየቁኝ። እኔም አካሉ ዝጎ፣ ቀለሙ ተላልጦ ስላየሁት፣ «ውድ ዕቃ ነው፤ አሳምረው ያሳድሱት» አልኳቸው። ሰውዬው ቃሌን አምነው ብዙ ገንዘብ አወጡ። ተመልሼ ሳየው የፋብሪካ ኢሜሉ በግራይንደር ተፍቆ የመኪና ቀለም ተረጭቶበታል፤ የስም ፊደሎቹ ለቀለሙ እንዳያስቸግሩ ተነቅለው ጠፍተዋል፤ የተራ ቁጥሩ ሰሌዳም ከዝገቱ ጋር አብሮ ተፍቋል። ማሽኑ እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። ባለቤቱ በደስታ፣ «አሁንስ ስንት ያወጣል ዶክተር?» አሉኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ጥፋቱ የባለሙያው አይደለም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ጥፋቱ ሳይለይ ያዘዘው ነው፤ እርሱም እኔ ነበርኩ። ማጽዳትና ማደስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ባስረዳ ኖሮ ያ ማሽን ዛሬ ምስክርነቱን ባላጣ ነበር።

ከዚህ ስሕተት የተነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮኝ ኖሯል፤ የዚህ ገለጻ ዋና ሐሳብም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ፋብሪካው የሠራው ብቻ ነው ወይስ የእኛ ሰው የጨመረበትም ዋጋ አለው?

የጊንጆውን ማሽን ስንመረምር ከሁለቱ የዘንግ እጀታዎች አንዱ ጥቁር ባኬላይት፣ ሌላው ከዋንዛ እንጨት የተቀረጸ ሆኖ አገኘነው። የፒስተኑ ጎሚኒ አልቆ በመኪና ከመነዳሪ ተተክቷል። ከቦይለሩ ሥር ደግሞ ፋብሪካው ያልሠራው የቡታ ጋዝ ምድጃ ተገጥሟል። አንድ የሚላኖ ሰብሳቢ ይህን ቢያይ ሦስቱንም እንደ ጉድለት መዝግቦ ከዋጋው ይቀንሳል። በገበያው ሕግ ትክክል ነው፤ እኛም ለሻጭ ስንመክር ይህን መደበቅ የለብንም።

ነገር ግን ምድጃውን ልብ በሉት። ባለ ዘንግ ማሽን ሞተርም ፓምፕም የለውም፤ ግፊቱን የሚሰጠው ሞላው ነው። ስለዚህ ውኃውን የሚያሞቅ እሳት ካገኘ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ቡና ያወጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ፓምፕ ያለው አዲስ ማሽን ሥራ ሲፈታ፣ ይህ «ያለፈበት» ማሽን ደንበኛ ያስተናግድ ነበር። ልጆቹም መብራት በጠፋ ቀን ሻይ ቤቱ ይበልጥ ይሞላ እንደነበር ያስታውሳሉ። እንግዲህ ያ ምድጃ ማሽኑ ከትውልዱ በኋላ ለምን በሕይወት እንደቆየ የሚናገር ማስረጃ ነው። የዋንዛው እጀታና ከመነዳሪው መለዋወጫ በሌለበት አገር የከተማችን ባለሙያ ያደረገውን ይመሰክራሉ። ሚላኖ ባለው ሙዚየም ከፋብሪካ እንደወጣ የተጠበቀ ተመሳሳይ ማሽን ሊገኝ ይችላል፤ የዋንዛ እጀታ ያለው ግን ከእኛ ዘንድ ካልተጠበቀ ሌላ ቦታ አይጠበቅም።

በመሆኑም ለቤተሰቡ ሦስት መስመር ያለው ወረቀት ጻፍኩላቸው። በመጀመሪያው መስመር የብረቱን ዋጋ፣ ማለትም ቁራሌው የሚከፍለውን አሰፈርኩ። በሁለተኛው የሰብሳቢ ገበያውን ዋጋ፣ ከነጉድለቶቹ፣ ከማጓጓዣውና ከደላላው ድርሻ ጋር አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ደግሞ በገንዘብ ያልተተመነውን የምስክርነት ዋጋ ጻፍኩ። ከወንድሞቹ አንዱ በጥሞና አንብቦ፣ «ሦስተኛው መስመር የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልም» አለኝ። እውነቱን ነው። «ቅርስ ነውና አትሽጡ» ማለት ለእኛ ለደመወዝተኞች ቀላል ነው፤ ዕቃው የእኛ አይደለም፤ ችግሩም የእኛ አይደለም። የምስክርነት ዋጋ አለው ብለን የምንከራከር ከሆነ ያንን ዋጋ የሚከፍል አካል ማፈላለግም የእኛ ኃላፊነት ነው።

እስከዚያው ማድረግ የምንችለውን ልናገር። ማንም ሰው ማሽኑን ከማጽዳቱ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሣው፤ ሰሌዳውንና የተጠገኑ ቦታዎችን ለይቶ ያንሣ። ለስላሳ ጨርቅና ውኃ ይበቃል፤ ግራይንደር፣ አሲድና ቀለም አይቅረቡት። የወደቀ ብሎን እንኳ በኮረጆ ታስሮ ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ። ወረቀቶቹ ከማሽኑ አይለዩ። የሠሩበትና የጠገኑት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይቀረጽ። ከውጭ አገር ገዢ ጋር የሚነጋገር ሰው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ይወቅ፤ ዕቃው በቅርስ ትርጉም ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ውል ከመፈራረሙ በፊት የሚመለከተውን ባለሥልጣን ይጠይቅ።

ለተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ጌራ በየካፌው ጀርባና በየመጋዘኑ የቆሙትን ማሽኖች እንመዝግብ። የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ንብረቶች ይዞልን ቆይቷል፤ የነጋዴውንና የቡና ቀጂውን ዕቃ ለመያዝ ግን በቅድሚያ ምን እንዳለን ማወቅ አለብን።

የጊንጆው ማሽን እስከ ዛሬ አልተሸጠም። ቤተሰቡ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሊታገሡ ተስማምተዋል፤ ከዚያ በኋላ ይካፈላሉ። እኅታቸው የብስኩት ጣሳውን ለጊዜው ማሽኑ ላይ አስቀምጠውታል። ጊዜው ረጅም አይደለምና፣ ከመካከላችሁ ሐሳብ ያለው ከስብሰባው በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።